አባቴ ቅጠል የበላ ዕለት

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «አጥንቴ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ በቅጥነቱ የወጣለት እንዳይመስላችሁ፤ ቁመናው የግቢ በር ያህላል። አጥንት ፊቱ ከቀረበ መቅኔውን መጥጦ ሳይጨርስ አይነሳም፣ ለዚህ ነው። በያጅ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት በቆርቆሮ የተከለለች ወርክሾፕ አለችው፤ እዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግና የደረጃ መደገፊያ ሲበይድ ኖሯል። ክንዱ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ያልነካው ቦታ የለም። ሥራውን አልነቅፍም፣ እሱ የበየደው ነገር አይላቀቅም። እኔን የሚያናድደኝ ምሳ ሰዓት ላይ ጓንቱን አውልቆ ወደ ቤት ሲገባ የሚሆነው ነው።

ሥጋ ከሌለ አይበላም። በቃ። አንድ ቀን እማዬ ሩዝ በካሮት ብታቀርብለት ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ፣ «ቅጠል ፍየል ይብላ፣ ፍየሏን እኔ እበላለሁ» አለ። ካሮት ቅጠል አለመሆኑን የነገረው የለም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቀልድ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ። «ጎመን በጤና» የሚል እንግዳ ከተገኘ ደግሞ «ጤናውን ለእኔ፣ ጎመኑን ለእናንተ» ይላል፣ ደንበኞቹም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

እናቴ በማለዳ ተነስታ ሉካንዳ ቤት ትሄዳለች፤ ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች የሚደርሳቸው ጅማት ነው። ሽንጡን ለአባቴ፣ ለስለስ ያለውን ለእኔ አድርጋ ትሠራለች። ጠረጴዛው ላይ ታቀርብና ተመልሳ ወደ ኩሽና ትገባለች። ውሃ ሲያንሰን ትወጣለች፣ ዳቦ ሲያልቅ ትወጣለች፣ አባቴ «ጨው!» ሲል ትወጣለች። እኛ ጠግበን ስንነሳ እሷ ኩሽና ውስጥ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ሳህን አድርጋ ትበላለች። ምን ትበላለች? ብትጠይቁኝ ከእኛ የተረፈውን እላችሁ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አስቤው አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ቆሜ የማላውቀውን ሰው ሁሉ «ምግብ በልተዋል? ይሄ በባዶ ሆድ አይወሰድም» እያልኩ ስጠይቅ እውላለሁ። እናቴን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

ባለፈው ጊዜ አክስቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። እማዬ ስልኩ በተደወለ በሰዓት ውስጥ ልብሷን በከረጢት አድርጋ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ግን ሥጋ ሠርታ፣ በአራት ዕቃ ከፋፍላ ፍሪዘር ውስጥ አስገባች።

«አንቺ ማሞቅ ብቻ ነው» አለችኝ።

ማሞቅ ብቻ! በሦስተኛው ቀን ሥጋውን ምድጃ ላይ ጥጄ ከሥራ ቦታ ስልክ ተደወለልኝና አንድ መድኃኒት የት እንዳለ ሳስረዳ ከነድስቱ አረረ። ጭሱ ወርክሾፑ ድረስ ደረሰ። አባቴ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገባ።

«ምን አቃጠልሽ?»

«ምሳህን።»

«ከፋርማሲ ትምህርት ቤት ስትመረቂ ሥጋ ማሞቅ አላስተማሩሽም?»

«አንተስ ሠላሳ ዓመት እሳት ስትይዝ ምድጃ ማጥፋት አልተማርክም? ጭሱ ሲመጣ ተቀምጠህ ታሸታለህ?»

እንዲህ ነው የምንነጋገረው። ቁጣውን ከእሱ ነው የወረስኩት፤ ሌላ የሚወረስ ነገር የለውም። ሉካንዳ ቤቱ በዚያ ቀን ዝግ ነበር፤ የቀረው ሥጋ ደግሞ እንደ ድንጋይ በረዶ ሆኗል። አባቴ እየረገመ ፍሪጁን ከፍቶ ጭንቅላቱን ከተተ። ከውሃ ጠርሙሶቹ ጀርባ ክዳን ያላት ጎድጓዳ ነጭ ሳህን ስቦ አወጣ። ቀለሟ ጠርዟ ላይ ተላልጧል። ክዳኑን ሲከፍት ዱባ ነው፤ ጠርዙ እስኪጠቁር በዘይት የተጠበሰ ዱባ፣ በውስጡ የበሰለ ሽምብራ፣ ላዩ ላይ የተወቀጠ ሰሊጥ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ፊቱን አጨፍግጎ። «የጥንቸል ምሳ?»

ነገር ግን ርቦታል። በዳቦ ቆንጥሮ አንዴ ጎረሰ። ከዚያ ዝም አለ። አባቴ ሲበላ ዝም ብሎ አያውቅም፤ እየበላ ያወራል፣ እየበላ ይሳደባል፣ እየበላ ስልክ ያነሳል። ሁለተኛ ጎረሰ። ፍሪጁ ተከፍቶ እየጮኸ፣ እሱ እዚያው በቆመበት፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ፣ ቀዝቃዛውን ዱባ በላው። መጨረሻ ላይ ሳህኗን በዳቦ ጠረጋት።

«ሎሚ አለው» አለ ለራሱ። «ነጭ ሽንኩርት አለው። እጅ ያስቆረጥማል እኮ! ይሄን ማን አመጣው?»

እኔም ሳህኗን አገላብጬ አየኋት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላወቅኳትም። ባለፈው ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዳቦ አምጥታልን ነበር፤ እናቴ አደራ ብላት ሄዳለች። «ልብስ ሰፊዋ ሳትሆን አትቀርም» አልኩት። ያቺ ሳህን በሕይወቴ ሙሉ በቤታችን ውስጥ እንደነበረች ያወቅኩት ኋላ ነው።

አባቴ ሳህኗን አጠባት። ይሄን ያየ ሰው የለም ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የሻይ ብርጭቆውን እንኳ ካስቀመጠበት አንስቶ አያውቅም። በሳሙና አጥቦ፣ በሸሚዙ ጫፍ አድርቆ፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

«እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ!» አላት። «እኔ ቅጠል የማልወድ ሰው ነኝ። አንቺ ግን አሸነፍሽኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ከማሽኗ ላይ ቀና ብላ ሳህኗን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ግራ እንደገባት ያስታውቃል። ግን ሰው ሲያመሰግን አይ ማለት ይከብዳል መሰለኝ፣ ሳህኗን ተቀብላ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ምን አላት! ለጎረቤት አይደል እንዴ?» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሲታሰበኝ አሁንም ቆሽቴ ያራል። አባቴ በነጋታው ተመልሶ ሄዶ የማሽኗን እግር በየደላት፤ ለዓመታት ስትወዛወዝ የኖረች ማሽን ናት። በሦስተኛው ቀን የመስኮት ፍርግርግ ሠራላት። እሷም ውለታ ከበዳትና በዚያችው ሳህን ዱባ ቀቅላ ላከች። ውሃ ውሃ ይላል። አባቴ ቀምሶ፣ «ዛሬ እጇ ትንሽ ደክሟል፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አለና በላው። ወርክሾፕ ለሚመጣው ሁሉ ይተርካል። በር ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ ቁሞ ስለ ሽምብራ ሩብ ሰዓት ሲሰማ አይቻለሁ። «ሥጋ ይቀራል ማለቴ አይደለም» ይላል አባቴ ብረቱን እየቆረጠ፣ «ግን አንዳንድ ሴት እጇ ላይ ተሰጥኦ አላት!»

አንዳንድ ሴት!

እናቴ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ከስታለች፤ አክስቴን ስታነሳና ስታስቀምጥ ወገቧ ተጎድቷል። አባቴ ስለመጣች ደስ ብሎት ልብስ ሰፊዋን እራት ጠራት። እማዬ ከመንገድ ገብታ ከረጢቷን እንኳ ሳትፈታ ሥጋ ስትጠብስ ልብስ ሰፊዋ ያቺን ነጭ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«እንኳን በደህና መጣሽ እትዬ» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

እናቴ ዳቦ ልትቆርስ ከኩሽና ወጥታ ነበር፤ ዓይኗ ሳህኗ ላይ አረፈ። እጇ ላይ የነበረው የዳቦ ቢላዋ ቆመ። አባቴ ደግሞ ይሄን ጊዜ ነው የጀመረው።

«አንቺ ሳትኖሪ ምን እንደሆንኩ ብነግርሽ አታምኚም! ቅጠል በላሁ! ይቺ ሴት የሠራችውን ብትቀምሺ፣ ሠላሳ ዓመት ምን ስበላ ኖርኩ ትያለሽ!»

እናቴ፣ «ደስ ይላል» አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የሚከተፍ ሽንኩርት አልነበረም፣ የተከተፈውን ነው መልሳ የምትከትፈው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«እማዬ።»

«ሳህኗ የእኔ ናት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስሄድ ፍሪጅ ውስጥ ረስቻት ነው። የእኔ ምሳ ነበር። ሁሌም የምበላው እሱን ነው። ተይው አሁን፣ ይብላ።»

ደሜ ፈላ። ቢላዋውን ከእጇ ነጥቄ አስቀመጥኩ። እጅጌዬን ያዘችኝ፤ «ተይው አልኩሽ፣ በእናትሽ ተይው» አለችኝ። አልሰማኋትም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን አላመለጠም፣ እያወቅኩ ነው የለቀቅኩት።

«አባዬ!» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። «ያቺ ሳህን የማን እንደሆነች ታውቃለህ? የሚስትህ ናት! ያን ዱባ የሠራችው ሚስትህ ናት! አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ አጥንት ስትግጥ እሷ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ያን ስትበላ ነው የኖረችው። ሠላሳ ዓመት አራት እርምጃ ተራምደህ አላየህም። አሁን ሄደህ የሰው ሴት እጅ ትባርካለህ!»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እኔ እኮ አልሠራሁም ለማለት ፈልጌ ነበር… ጋሼ በጣም ደስ ብሏቸው ስላየሁ…» አለችና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ሳህኗን ጥላት ሄደች። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አባቴ አፉን ከፍቶ ሲቀር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅኩ።

አባቴን የማታውቁት ከሆነ እናንተም ትጠብቁ ነበር።

«እንዴ!» አለ እማዬን እያየ። «ታዲያ ይሄን እየቻልሽ ሠላሳ ዓመት ደበቅሽኝ?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ግድግዳውን በቡጢ መምታት አማረኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው። ድምፅዋ ላይ ቅያሜ አልነበረም፤ እንዲያው ነው የጠየቀችው።

«ምን ብዬ ልጠይቅ? ኩሽና ውስጥ ሀብት ተቀብሯል ወይ ልበል? በይ አሁን አለቀ። ከነገ ጀምሮ በትልቁ ድስት ይሠራ! ሁላችንም እንብላው! አንቺም ደስ ይበልሽ፣ ሰው እጅሽን ይወቅልሽ!» ብሎ እየሳቀ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ቁጣም ሆነ ሐፍረት እሱ ላይ አይቆይም።

እኔ ድል ያደረግኩ መስሎኝ እናቴን ልስማት ዞርኩ። ፊቷን አይታችሁት ቢሆን! እናቴ እኔ ላይ ተቆጥታ አታውቅም። በዚያ ምሽት ግን ኩሽናውን ዘጋችና ዓይኔን እያየች ተናገረችኝ።

«ማን ተናገሪልኝ አለሽ?»

«እማዬ፣ ድካምሽን ሌላ ሰው ሲወስደው እንዴት…»

«ይውሰደው! ምስጋናውን እሷ ትውሰደው፣ ዱባውንም እሷ ትሥራለት! እኔን ምን ጎደለኝ? እዚያው እየሄደ ይበላ ነበር።» ቢላዋውን ከፊቷ ገፋች። «በዚህ ቤት ውስጥ የእኔ የሆነ ነገር ጥሪልኝ። ሽንጡ የእሱ ነው። ለስላሳው የአንቺ ነው። አልጋው ላይ እንኳ ግድግዳው ጥግ ነው የምተኛው። ያቺ ምግብ ብቻ የእኔ ነበረች። ማንም ‹ምን አለ? ጨምሪልኝ› አይለኝም። ጨው በዛ የሚለኝ የለም። እንደፈለግኩ ሠርቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ቀስ ብዬ ነበር የምበላው። ‹ቅጠል› ብሎ ሲስቅ እኔም በልቤ እስቅ ነበር። ስለናቃት ነው የተረፈችልኝ።»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እናቴ ሥጋ ለእኛ እንዲበቃ ብላ ራሷን የምትበድል ሴት ናት ብዬ በውስጤ ታሪክ ሠርቼላት ነበር፤ ለዚያ ታሪክ ነው የጮኽኩት። እሷ ለካ ተበድላ አልነበረም ኩሽና የምትገባው። ልትበላ ነበር የምትገባው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችኝና ሽምብራውን ልትዘፈዝፍ ውሃ ቀዳች። በትልቁ ጎድጓዳ ነው የዘፈዘፈችው።

በነጋታው እሑድ ነበር። አባቴ ሁለት ደንበኞቹን ጠርቶ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠ። ድስቱን እሱ ራሱ ከፈተው፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። የተጠበሰ ሰሊጥና ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጫፉ የጠቆረ ዱባ። «ቅመሱ እንጂ!» እያለ በጭልፋ ያድላል። «የሚስቴ እጅ ነው! እኔ ነኝ ያገኘሁት!» ደንበኞቹ፣ «አጥንቴ፣ አንተ ቅጠል በላህ?» እያሉ ይስቃሉ፣ እሱም ከእነሱ በላይ ይስቃል። ሦስት ጊዜ ጨመረ። «ትንሽ ጨው ቢቀንስ» አለ በመሃል፣ ወደ ኩሽናው እየጮኸ።

እኔ አልበላም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። በንዴት፣ በሐፍረትም። ለእሷ ስል አልነካውም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር፤ ቁርስም ስላልበላሁ ሆዴ ይጮሃል። አባቴ ሳህኔ ላይ አንድ ጭልፋ ጣለልኝ። ለማየት ያህል አንድ ሽምብራ በማንኪያ አነሳሁ። ከዚያ አንድ ዱባ። ከዚያ ሥጋ ስበላ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ እንደማላውቅ ገባኝ፣ መናደዴ ግን አልቀነሰም፤ እየተናደድኩ በላሁ፣ ጨረስኩ፣ ድስቱን ወደ ራሴ ስቤ ከሥሩ የቀረውን ጠርጌ አወጣሁ።

እናቴ ዳቦ ይዛ ከኩሽና የወጣችው ይሄን ጊዜ ነው። ዳቦውን አስቀምጣ ድስቱን ዘንበል አድርጋ አየች። ለራሷ ምንም አላስቀረችም ነበር፤ ይተርፋል ብላ ይሆናል። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጣፈጠሽ?» አለችኝ።

አፌ ሙሉ ስለነበር መመለስ አልቻልኩም።